ጠቦቱ ሲረክስ አሮጊቷ ለምን ተወደደች?

ጥያቄ፦ «ወደ 60 የሚሆኑ እናት በጎች አሉኝ። አምና ጠቦቶቼን በ4 ወራቸው ሸጥኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ዋጋው ሰማይ ነካ። ዘንድሮ ‹ሁለተኛ አልሞኝም› ብዬ ያዝኳቸው፤ ዋጋው ወረደ። ግራ የገባኝ ደግሞ የጠቦት ዋጋ ሲወርድ ያረጁት እናቶች ዋጋ መጨመሩ ነው። አንድ ነጋዴ 14 ያረጁ በጎቼን በአንድ ዋጋ ልጠቅልላቸው እያለኝ ነው። በረት ውስጥ ደግሞ 40 ጠቦቶች አሉኝ፤ በአማካይ 30 ኪሎ ይሆናሉ። የቱን ልሽጥ? የቱን ልያዝ?»

ምላሽ፦ አምና ሸጠው ተጸጸቱ፤ ዘንድሮ ይዘው ተጸጸቱ። አይቀየሙኝና ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ የወሰኑት ያለፈውን ዋጋ እያዩ ነው። አብዛኛው አርቢ እንደዚያው ነው። እኔም ነበርኩ፤ ምን እንዳስከፈለኝ ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

መጀመሪያ ግራ ያጋባዎትን ላንሳ። ጠቦትና ያረጀች እናት አንድ በረት ያድራሉ እንጂ ገበያቸው ለየቅል ነው። የጠቦት ገዢ ለስላሳና ቶሎ የሚበስል ሥጋ ይፈልጋል። ለዚያም ደህና ይከፍላል፤ ግን መራጭ ነው። ቀጭን ሲሆን «አልደረሰም» ይላል፤ ሲወፍር «ስብ ልታስገዛኝ ነው?» ይላል። የአሮጊቷ ሥጋ ጠንከር ያለ ነው። ረጅም ሰዓት ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ ወይ ፋብሪካ ገብቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ገዢዋ የሚያየው ብዛቷንና የኪሎዋን ርካሽነት ነው።

እንግዲህ ኑሮ ሲወደድ ምን ይሆናል? ሰው ሥጋ መብላቱን ወዲያው አይተውም። ከውዱ ወደ ርካሹ ይወርዳል። የጠቦቱ ገዢ ሲሳሳ የአሮጊቷ ገዢ ይበዛል። አንዱ ሲረክስ ሌላው የሚወደደው አንድም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ማወቅ የሚገባዎት ይመስለኛል። ጠቦት ለእርድ ብቻ ነው የሚሸጠው፤ ለእርባታ ከሚቀሩት ጥቂት ቄቦች (ገና ያልወለዱ ሴቶች) እና አውራዎች በስተቀር። እናት በግ ግን ሁለት ዓይነት ገዢ አላት። አንዱ ሊያርዳት ይመጣል፤ ሌላው «አንድ ሁለት ጊዜ ትወልድልኛለች» ብሎ ይመጣል። ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበቅል ይኸኛው ገበያውን ያጥለቀልቃል። ሳሩ አለ፣ የሚበላው በግ የለም። ከአራጁ ጋር ይሻማና ዋጋውን ይሰቅለዋል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ አንድም ሳይቀር ይጠፋል። አራጁ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን መሆኑንም አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ የእናት በግ ዋጋ ሲወጣም ሲወርድም ከጠቦቱ የባሰ ይዋዥቃል።

አውስትራሊያ ውስጥ የሆነውን ይዩ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ብዙ አካባቢ ዝናብ በዝናብ ነበር። አርቢው «ሴት አልሸጥም» ብሎ መንጋውን አበዛ። በ2023 ሰማዩ ፊቱን አዞረ። በሴፕቴምበር የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ኤልኒኖ (እዚያ ብዙ ጊዜ ድርቅ የሚያስከትለው የአየር ሁኔታ) መግባቱን አወጀ። ያኔ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ወጣ፤ ቄራው ጋ ወረፋ ሆነ። የጠቦት ዋጋ ወረደ። የትልልቆቹ ግን ተንኮታኮተ፤ ያረጁ በጎችን በነፃ እስከ መስጠት የደረሱ አርቢዎች ነበሩ። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ብዙ ቦታ ዝናብ ጣለ፤ ዋጋውም መልሶ ነፍስ ዘራ። በነፃ የሰጠው ሰውዬ ምን እንደተሰማው አስቡት።

ከዚህ አንድ ምልክት ይያዙ። የአሮጊቶች ዋጋ ሲጨምር ገዢው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። የሚገዙት አራጆች ከሆኑ ነገሩ የኪስ ጉዳይ ነው። አርቢዎች ከሆኑ ግን ሰው መንጋ እያበዛ ነው ማለት ነው። ቄቦቹ ለእርድ ስለማይወጡ አሁን የጠቦት አቅርቦት ይቀንሳል። እነዚያ ቄቦች አድገው፣ 5 ወር አርግዘው፣ ወልደው፣ ግልገሎቻቸው ለገበያ እስኪደርሱ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያኔ ጠቦት እንደ ጎርፍ ይመጣል።

የወቅቱ ነገር ይታወቃል፣ ብዙም አልቆይበትም። ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች በጎች አውራ የሚፈልጉት በአብዛኛው ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። ሌላው ቦታ ደግሞ ዝናቡና ሣሩ ይወስናል። ያም ሆነ ይህ እርግዝናው 147 ቀን አካባቢ ነውና ሁሉም በአንድ ሰሞን ይወልዳሉ፤ ጠቦቶቹም በአንድ ሰሞን 30 ኪሎ ይደርሳሉ። የእርስዎ ጠቦት የደረሰ ቀን የጎረቤትዎም ደርሷል። አንድ የሚረሳ ነገር ግን አለ። በግ የሚታረድባቸው አንዳንድ ትልልቅ በዓላት የሚቆጠሩት በጨረቃ ነው፤ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀደም ብለው ይመጣሉ። አምና «በሁለተኛው ወር ጨመረ» ያሉት ዋጋ ከበዓል ጋር ገጥሞ እንደሆነ ቀኑን መለስ ብለው ይዩት። ከሆነ ዘንድሮ ያው ወር ላይ መጠበቅ ባዶ መንገድ ላይ አውቶቡስ መጠበቅ ነው።

አሁን ወደ 40ዎቹ ጠቦቶች እንግባ። ገንዘቡን እንተወውና በኪሎ እንቁጠር፤ የትም አገር ይሠራል። አንድ ኪሎ የቁም በግ ሸጠው ስንት ኪሎ መኖ ይገዛሉ? 10 ኪሎ እንበል። ባለ 30 ኪሎ ጠቦት 40 ቀን ቢይዙ፣ ደህና መኖ አግኝቶ በቀን 200 ግራም ቢጨምር፣ 38 ኪሎ ይሆናል። በቀን 1.3 ኪሎ ቢበላ በ40 ቀን 52 ኪሎ መኖ ጨረሰ። ይህ በእኛ መለኪያ 5.2 ኪሎ በግ ነው። ለመድኃኒት፣ ለጉልበትና ለሚሞተው ደግሞ 1 ኪሎ እንጨምር። ወጪው 6.2 ሆነ። የጨመረው 8 ኪሎ ስለሆነ 1.8 ኪሎ አተረፉ። ጥሩ ነው?

ዋጋው ባለበት ከቆየ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይኸን ነው፤ ዋጋ ሲወርድ የሚወርደው በጨመሩት 8 ኪሎ ላይ ብቻ አይደለም፤ በ38ቱም ላይ ነው። ዛሬ ሊሸጡት ይችሉ የነበረው 30 ኪሎም አብሮ ይረክሳል። የኪሎው ዋጋ 5 በመቶ ቢወርድ ትርፍዎ አለቀ። 10 በመቶ ቢወርድ 2 ኪሎ ከስረዋል። በተቃራኒው 10 በመቶ ቢጨምር 5.6 ኪሎ ያተርፋሉ። ስለዚህ ጠቦት መያዝ ሁለት ሥራ ነው፤ ማድለብም ነው፣ ቁማርም ነው። የቁማሩ ድርሻ ከማድለቡ ድርሻ እንዳይበልጥ ነው መጠንቀቅ ያለብዎት። መኖው ተወዶ አንድ ኪሎ በግ 7 ኪሎ መኖ ብቻ የሚገዛ ከሆነማ ጨዋታው አልቋል። ዋጋው ሳይወርድም ይከስራሉ፤ ያስሉት።

የእኔን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱ። የእርስዎ ጠቦቶች በቀን የሚጨምሩት 200 ግራም ላይሆን ይችላል። 10 ጠቦት ይምረጡ፣ ጆሯቸው ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ዛሬና ከ14 ቀን በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ። ሰዓቱ ቀልድ አይደለም። ጠዋት ሆዱ ባዶ ሆኖ የተመዘነ በግና ማታ ከግጦሽ ሲገባ የተመዘነው ያው በግ በኪሎዎች ይለያያሉ። ጠዋት መዝነው፣ ማታ ደግመው መዝነው «ይኸ መኖ ተአምር ነው» ያሉኝ ሰው አሉ።

ሌላው ነገር፣ «በአማካይ 30 ኪሎ» ብለውኛል። አማካይ የሚባል ጠቦት ገበያ ላይ ታይቶ አያውቅም። ከ40ዎቹ ውስጥ 36 ኪሎ ደርሶ ጀርባው የሞላ አለ፤ 24 ኪሎ ሆኖ ገና አጥንቱን እየዘረጋ ያለም አለ። የደረሰው በቆየ ቁጥር የሚበላው ወደ ስብ ነው የሚሄደው። ለአንድ ኪሎ ጭማሪ የሚፈጀው መኖም ይጨምራል። እሱን ዛሬ ይሽጡ፤ ዋጋው ቢያናድድዎትም። አጥንተ ሰፊ ሆኖ ቀጭን የሆነው ነው መቆየት ያለበት። መኖው በቂ ከሆነ መሐለኞቹን ለሁለት ከፍለው በሦስት ሳምንት ልዩነት ያውጡ። እንዲህ ሲያደርጉ ከፍተኛውን ዋጋ በሁሉም ላይ አያገኙም፤ ዝቅተኛውንም በሁሉም ላይ አይቀምሱም። ለእንቅልፍ ጥሩ ነው።

ሊያደልቡ ከሆነ እህሉን በአንድ ቀን አይልቀቁባቸው። ሣር የለመደ ሆድ ገብስ ወይ በቆሎ በብዛት ሲገባበት አሲድ ይሞላል፤ ጠቦቱ ጠዋት ቆሞ ማታ ሊሞት ይችላል። ሁለት ሳምንት ወስደው ቀስ በቀስ ያስለምዱ፤ ድርቆሽ ከፊታቸው አይጥፋ። ወንዶቹ እህል ሲበዛባቸው ሽንታቸው በጠጠር ይዘጋል፤ ስለዚህ የካልሲየሙ መጠን ከፎስፈረሱ እጥፍ ገደማ ይሁን፣ ውሃም በደንብ ይጠጡ። ለከብት የተዘጋጀ መኖ ደግሞ አይስጧቸው። መዳቡ ለበግ መርዝ ይሆናል።

አሁን 14ቱ። እዚህ ላይ ዋጋ ከማውራታችን በፊት በጎቹን አንድ በአንድ ይያዙልኝ።

ከንፈሯን ገልጠው የታች ጥርሷን ይዩ። በግ የፊት ጥርስ ከታች ብቻ ነው ያላት፣ 8 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትልልቅ ጥርሶች አንድ ዓመት ካለፋት በኋላ ይወጣሉ፤ ከዚያ በየዓመቱ ገደማ ሁለት ሁለት እየጨመሩ 4 ዓመት አካባቢ ስምንቱም ይሞላሉ። ከዚያ በኋላ መርዘም፣ መሳሳት፣ መሰባበር ይጀምራል። ጥርሷ የጎደለ በግ አጭር ሣር መጨረፍ አትችልም። እርጥብና ረጅም ሣር እያለ ላይታወቅባት ይችላል፤ ሣሩ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የምትከሳው እሷ ናት።

ቀጥሎ ግቷን በሁለት እጅ ይዳብሱ። ሁለቱም ጎን እኩል ለስላሳ መሆን አለበት። ጠጠር የመሰለ እብጠት፣ የደረቀ ግማሽ፣ የተዘጋ ጡት ካለ የሚቀጥለውን ግልገል አታሳድግም። ጥርሷ ሙሉ ቢሆንም እሷ መሸጥ አለባት። ግን ለእርድ። ግቷ የተበላሸን በግ «ገና ትወልዳለች» ብሎ ለአርቢ መሸጥ ነውር ነው፤ ደግሞም ሰውየው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ጀርባዋን። ከመጨረሻዋ ጎድን ኋላ፣ ወገቧ ላይ እጅዎን ያሳርፉ። አውራ ጣትዎ በአከርካሪው ላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች በጎን በኩል አግድም ከወጡት አጥንቶች ጫፍ ሥር ይግቡ። በዓይን አይፍረዱ፣ ጸጉር ይዋሻል። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጧት። አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከወጋዎት 1 ነው። ጫን ሲሉ ብቻ የሚገኝ፣ ዙሪያው የሞላ ከሆነ 3። ጭራሽ ካልተገኘ 5። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሰውነቷን ክብደት ወደ 10 በመቶ ወይ ትንሽ ከዚያ በላይ ያንቀሳቅሳል። ሥጋውም በዚያው ልክ ይለያያል፤ የከሳች በግ ከቁም ክብደቷ 40 በመቶ የማይሞላ ሥጋ ስትሰጥ የጠገበችው ከዚያ በደንብ ታልፋለች። ነጋዴው እጁን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጎ ዝም የሚለው ይህንን እያሰላ ነው።

እጅዎ ይህን ካወቀ ውሳኔው ይቀላል። 3 እና ከዚያ በላይ የሆነች፣ ጥርስ ወይ ግት የጎደላት በግ ዛሬ ትሂድ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን የመኖ ወጪ ብቻ ነው። የከሳች ግን ጤነኛ የሆነች፣ በተለይ መንታ አጥብታ ገና ጡት ያስጣለች ከሆነች፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቢይዟት ያዋጣል፤ እንዲህ ያለችው መጀመሪያ ላይ ቶሎ ትመለሳለች። ክብደቷም ይጨምራል፣ የኪሎዋ ዋጋም ይሻሻላል። ጥርስ ከሌላት የተፈጨ ወይ የለሰለሰ መኖ ይስጧት። ሳል፣ ተቅማጥ ወይ የገረጣ የዓይን ሽፋን ካለ ግን ክሳቱ ከመኖ ማነስ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ ትታከም።

ጥርሷም ግቷም ደህና የሆነች 5 ዓመት የሆናት በግ 14ቱ ውስጥ ካለች ግን ለምን «አሮጊት» አሏት? በግ ብዙ የምትወልደውና በደንብ የምታሳድገው ከ3 እስከ 6 ዓመቷ ነው። እሷን ያቆዩ። ወይም ለአርቢ፣ ለብቻዋ፣ በአርቢ ዋጋ ይሽጡ።

ቀሪዎቹንስ «አንድ ጊዜ ላስወልዳቸውና ከዚያ» ብለው አስበው ከሆነ ይህን ስሌት ይዩ። ተተኪ ወጣት በግ በ100 ገዙ እንበል። 5 ዓመት ወልዳ በ60 ተሸጠች። 40 ጠፋ፣ በዓመት 8 ማለት ነው። አሁን የአሮጊት ዋጋ ጨምሮ በ80 ብትሸጥ የሚጠፋው በዓመት 4 ብቻ ይሆናል፤ መንጋ ለማደስ እንዲህ ያለ ጊዜ ሁሌ አይገኝም። በረት ውስጥ ከሞተችብዎት ግን 100ውም ሄደ፣ በዓመት 20። በአንድ ዓመት ቀድሞ መሸጥና በአንድ ዓመት ዘግይቶ መሸጥ እኩል ስህተት አይደሉም።

እነግርዎታለሁ ያልኩት ይኸን ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የራሴ ጥቂት በጎች ነበሩኝ። 9 ያረጁ እናቶች ልሸጥ ሄጄ የተሰጠኝ ዋጋ አልጥም አለኝ። «ይጨምራል፣ እስከዚያ ደግሞ ይወልዳሉ» ብዬ መልሼ ወሰድኳቸው፤ አውራም ለቀቅኩባቸው። ሦስቱ በእርግዝናቸው መጨረሻ ላይ ሞቱ። መንታ ይዘው ነበር፤ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ነገር አልቆበት ነበር። ሁለቱ ወተት አልነበራቸውም፤ ግልገሎቹን ሌሊት እየተነሳሁ በጡጦ አጠባሁ። የሚያስቀው፣ ዋጋው እንዳልኩት ጨመረ። ያኔ በእጄ የቀሩት 6 አጥንቶች ነበሩ። ነጋዴው አንዷን ዳበሰና «ባለሙያ ነህ አይደል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እና ነጋዴው «በአንድ ዋጋ ልጠቅልላቸው» ሲል ምን እያለ እንደሆነ አሁን ገብቶዎታል። ከ14ቱ ውስጥ ምርጦቹን አይቷል፤ ዋጋውን ግን በከሱት ነው የቆረጠው። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ሥራው ነው። እርስዎም ሥራዎን ይሥሩ። በሦስት ይክፈሏቸው፤ የደለቡት፣ ከስተው የሚመለሱት፣ ገና የሚወልዱት። የደለቡትን በሚዛን ይሽጡለት፤ ሌሎቹን ዛሬ ለገበያ አያውጧቸው። የሚሸጡትን ከሌሊቱ ጀምረው ያለ መኖና ያለ ውሃ አቁመው ጠዋት ከመዘኑ ከክብደታቸው 5 በመቶና ከዚያም በላይ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የሚመዘኑበትን ሰዓትና ቦታ ይነጋገሩ። ብዙ ሰው በኪሎ ዋጋ ሲከራከር ይውልና ሚዛኑ ላይ ይሸነፋል።

ከመጫንዎ በፊት ሁለት ነገር ብቻ። አውራ በግ አብሯቸው ከነበረ ማርገዝ አለማርገዛቸው ይታይ፤ ከ45 ቀን ገደማ በኋላ በአልትራሳውንድ በደንብ ይለያል። ያረገዘች በግ ለእርድ መስጠት ለእሷም ግፍ፣ ለእርስዎም ኪሳራ ነው። በቅርቡ የትል መድኃኒት ወይ አንቲባዮቲክ የወሰደች ካለችም ጠርሙሱ ላይ «ለእርድ ከመቅረቧ በፊት» ተብሎ የተጻፈውን የቀን ብዛት አንብበው ይቁጠሩ። ቀኑ ካልሞላ ነጋዴው ቢቸኩልም ያቺ በግ ትቆይ።